ቨርጂኒያ ወይስ ሜሪላንድ? የኮንትራክተር ገበያን አገላብጦ የማወዳደሪያ ዝርዝር መመሪያ

"ቨርጂኒያ ይሻላል ወይስ ሜሪላንድ?" ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ሐበሾች ቡና ላይ ከተገናኙ ይህ ጥያቄ አይቀርም። አንዱ "ቨርጂኒያ ወረቀቱ ቀላል ነው" ይላል። ሌላው "ብሩ ያለው ሜሪላንድ ነው" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩት የመጨረሻ ሥራቸውን አስታውሰው ነው። ደንበኛው ጥሩ ከፋይ ከነበረ ግዛቱ ጥሩ ነው፤ ካስቸገረ ግዛቱ የማይረባ ነው።

ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት ሰው የተጻፈ ነው። አንዱ ለዓመታት በሰው ሥር ሳብ (ከዋናው ኮንትራክተር ሥራ የሚቀበል ንዑስ ተቋራጭ) ሆኖ ሠርቶ አሁን የራሱን ላይሰንስ ማውጣት የሚፈልግ ነው። ሌላው በአንዱ ግዛት ላይሰንስ ይዞ ፖቶማክን (ሁለቱን ግዛቶች የሚለየውን ወንዝ) ልሻገር ወይስ ልቅር የሚል ነው። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው፦ የላይሰንስ ብዛት ቆጥራችሁ ገበያ አታወዳድሩ። ሁለቱ ግዛቶች ላይሰንስ የሚሰጡት ለተለያየ ነገር ነው። የሚወዳደረው አንድ ሥራ ነው፤ እሱም በአንድ ካውንቲ፣ ከነሙሉ ወጪው።

ደረጃ 1፦ ሥራውንና ካውንቲውን ለዩ

"ኮንስትራክሽን" ብሎ ገበያ የለም። መንገድ የሚሠራውም፣ ኩሽና የሚያድሰውም፣ ሶኬት የሚቀይረውም ኮንስትራክሽን ውስጥ ነው። ስለዚህ በደንብ የምታውቁትን አንድ ሥራ ምረጡ። እኔ እዚህ የምጠቀምበት ምሳሌ ቤዝመንት አድሶ መታጠቢያ ቤት መጨመር ነው።

ቀጥሎ ካውንቲ። በ2020 ቆጠራ ቨርጂኒያ 8.6 ሚሊዮን፣ ሜሪላንድ 6.2 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። ይህን ይዞ "ቨርጂኒያ ትበልጣለች" ማለት ውሃ አያነሳም። ሮኖክ ድረስ ነድታችሁ ቤዝመንት አትሠሩም። ከየግዛቱ አንድ አንድ ተቀራራቢ ካውንቲ ውሰዱ። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ በዚያው ቆጠራ 1,062,061 ሕዝብ ነበረው፤ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ደግሞ 1,150,309። በመጠንም በኑሮም የሚቀራረቡ ናቸው።

አንድ ወጥመድ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ 38 ከተሞች ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው። አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ፌርፋክስ ሲቲ፣ ማናሰስ በየትኛውም ካውንቲ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። የፌርፋክስ ካውንቲን መረጃ ስታወርዱ መሐሉ ላይ ያለው ፌርፋክስ ሲቲ እንኳ አይካተትም። ሜሪላንድ ላይ እንዲህ ተለይቶ የቆመው ባልቲሞር ሲቲ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ላይሰንሱ ምን እንደሚፈቅድ ጎን ለጎን ጻፉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ላይሰንስ የሚሰጠው ሪችመንድ ያለው ዲፒኦአር የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ በሥሩ የኮንትራክተሮች ቦርድ አለ። ላይሰንሱ ለቤት እድሳትም፣ ለንግድ ሕንፃም፣ ለመንገድም ያው አንድ ሥርዓት ነው። ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ ሥራ ላይሰንስ ይጠይቃል። ክላሱ ሦስት ነው፦ ሲ ለትንንሽ ሥራ፣ ቢ ለመካከለኛ፣ ኤ ያለ ገደብ። ገደቡ በሁለት መንገድ ይለካል፤ በአንድ ውል መጠንና በ12 ወር ጠቅላላ ሥራ። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ ያዩና በሁለተኛው ይያዛሉ። የዶላር ጣሪያውን ሕግ አውጪው ስለሚያሻሽለው ጓደኛችሁ የነገራችሁን አትያዙ፤ በምታወዳድሩበት ቀን ከዲፒኦአር ገጽ ላይ አንብቡ።

ከክላሱ ጋር የሚመጣውም ይለያያል። ሙያውን የሚያስመሰክረው ሰው ለሲ 2 ዓመት፣ ለቢ 3 ዓመት፣ ለኤ 5 ዓመት ልምድ ያስፈልገዋል። ለቢ 15,000 ዶላር፣ ለኤ 45,000 ዶላር የተጣራ ሀብት ይጠየቃል፤ ያ ከሌለ በ50,000 ዶላር ቦንድ (የዋስትና ሰነድ) መተካት ይቻላል። የ8 ሰዓት ኮርስም አለ። ቢ እና ኤ የንግድና የሕግ ፈተና አላቸው። ላይሰንሱ ላይ ደግሞ የሥራ ዓይነታችሁ ይጻፋል። "የቤት እድሳት" የሚል ብቻ ያለው ሰው የኤሌክትሪክ ሥራውን በራሱ ላይሰንስ አይሠራም።

ሜሪላንድ ሌላ ዓለም ናት። ለጠቅላላ ኮንትራክተር የሚሆን የግዛት ላይሰንስ የላትም። ያላት በሌበር ዲፓርትመንት ሥር የሚገኘው፣ ሁላችንም ኤምኤችአይሲ ብለን የምንጠራው የቤት እድሳት ኮሚሽን ነው። እሱ የሚመለከተው ሰው የሚኖርበትን ያለቀ ቤት ማደስ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በኩል ይመዘገባል። ቢሮና ሱቅ የሚሠራ ከሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ክለርክ የኮንስትራክሽን ድርጅት ፈቃድ ያወጣል፤ ያ ግን ፈተና የለውም፣ ችሎታችሁንም አይመዝንም።

ኤምኤችአይሲ ክላስ የለውም። የ10,000ውም የ200,000ውም ዶላር ሥራ በአንድ ላይሰንስ ነው። 2 ዓመት ልምድ፣ መጽሐፍ ተከፍቶ የሚወሰድ ፈተና፣ 20,000 ዶላር የተጣራ ሀብት ወይም 30,000 ዶላር ቦንድ ይጠይቃል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 500,000 ዶላር ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት) ኢንሹራንስ የግድ ነው። ቀድሞ 50,000 ነበር! ቨርጂኒያ ላይ ላይሰንሱን ለማውጣት ኢንሹራንስ አይጠየቅም። ያለ ኢንሹራንስ ሥሩ ማለቴ አይደለም፤ ብቻ በሩ ላይ የሚቆመው ነገር የተለያየ ነው።

የቨርጂኒያ ዝርዝር ውስጥ አስፋልት አንጣፊውም አለበት። የሜሪላንዱ ዝርዝር ደግሞ የንግድ ሕንፃ ተቋራጩን ጨርሶ አያውቀውም። ሁለቱን ቁጥር በሕዝብ ብዛት አካፍሎ "እዚህ ፉክክሩ ይበዛል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሪክና ቧንቧን ለብቻ አውጡ

ቨርጂኒያ የኤሌክትሪሻን፣ የቧንቧና የኤችቫክ (የማሞቂያና ማቀዝቀዣ) ሠራተኛ ካርድ በግዛት ደረጃ ይሰጣል፤ ጆርኒማን (ሙሉ ባለሙያ) እና ማስተር (ዋና ባለሙያ) ተብሎ። ካርዱ የሰውየው ነው፤ ድርጅቱ የራሱ የኮንትራክተር ላይሰንስ ያስፈልገዋል።

ሜሪላንድ ለኤሌክትሪክና ለኤችቫክ የግዛት ቦርድ አላት። የቧንቧ ቦርድም አላት። ነገር ግን በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በአብዛኛው የቧንቧና የጋዝ ሥራ ላይሰንስ የሚሰጠው ደብሊውኤስኤስሲ የተባለው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ነው። እኛ ሰፍረን ያለነው ደግሞ በብዛት እዚሁ ነው። የሜሪላንድ ማስተር ፕለምበር ነኝ ብሎ የመጣ ሳብ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ፐርሚት (ለአንድ ሥራ የሚሰጥ የግንባታ ፈቃድ) ማውጣት ላይችል ይችላል። ሳብ ስትቀጥሩ "ላይሰንስ አለህ?" ብቻ አይበቃም። "የማን?" በሉት።

ደረጃ 4፦ ሕጋዊ ሆኖ የመቆየት ዓመታዊ ወጪ

አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ ስሩ። ላይሰንስ ማውጫው ትንሹ ወጪ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ሌላው ነው።

ሜሪላንድ ላይ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) በየዓመቱ ድርጅቶችን ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ለኤስዳት 300 ዶላር ይከፍላል፤ ቨርጂኒያ ላይ 50 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ግን በየከተማውና በየካውንቲው የንግድ ፈቃድ ታክስ አላት፤ ቢፖል ይሉታል። የሚሰላው ከትርፍ አይደለም፣ ከጠቅላላ ገቢ ነው። የግዛቱ ሕግ ለኮንትራክተር የሚፈቅደው ከፍተኛው ልክ በየ100 ዶላሩ 16 ሳንቲም ነው። 300,000 ዶላር ከሠራችሁ እስከ 480 ዶላር ማለት ነው፤ ብትከስሩም። ከቢሯችሁ ውጭ ባለ ከተማ ወይም ካውንቲ ውስጥ በዓመት ከ25,000 ዶላር በላይ ከሠራችሁ እዚያም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

ዕቃ ላይ ልዩነት አትፈልጉ። ሰሜን ቨርጂኒያም ሜሪላንድም የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ነው። የኩባንያ ታክሱ ሜሪላንድ 8.25፣ ቨርጂኒያ 6 በመቶ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ይህን ነው። ግን የአብዛኛው ትንሽ ኮንትራክተር ኤልኤልሲ የኩባንያ ታክስ አይከፍልም፤ ትርፉ ባለቤቱ የግል ታክስ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህንን ከአካውንታንታችሁ ጋር አጣሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አሌክሳንድሪያ እየኖራችሁ ሜሪላንድ ውስጥ ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ሁለቱ ግዛቶች ስምምነት ስላላቸው ታክሱን ለቨርጂኒያ ብቻ ነው የምትከፍሉት። ያ ስምምነት ለደመወዝ ነው። የራሳችሁን ሥራ ስትጀምሩ ሜሪላንድ ከሠራችሁት ለሜሪላንድ ፋይል ታደርጋላችሁ፤ ከዚያ ቨርጂኒያ ላይ ክሬዲት ትጠይቃላችሁ። በሰው ሥር ከመሥራት የሚወጡ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያው ሚያዝያ ላይ የሚደነግጡት በዚህ ነው።

ትልቁ መስመር ወርከርስ ኮምፕ (ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢጎዳ የሚከፍል ኢንሹራንስ) ነው። ሜሪላንድ አንድ ሠራተኛ ካላችሁ ጀምሮ ይጠየቃል። ቨርጂኒያ ከሦስት ጀምሮ ነው። ግን "እኔ ሁለት ብቻ ነው ያለኝ" ብላችሁ አትተኙ፤ ቨርጂኒያ የሳባችሁን ሠራተኞችም እናንተ ላይ ልትቆጥር ትችላለች። ለሁለቱም ግዛት ከኢንሹራንስ ወኪል በዚያው ሥራ ዓይነትና በዚያው የደመወዝ መጠን ዋጋ ጠይቁ። ይህን ቁጥር ሳትይዙ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ደረጃ 5፦ ተፎካካሪውን ቁጠሩ

ላይሰንስ መቁጠር ካልረዳ ምን እንቁጠር? የፌዴራሉ ሴንሰስ ቢሮ የሁለቱንም ግዛት ድርጅቶች በአንድ መስፈሪያ ይቆጥራል። "ካውንቲ ቢዝነስ ፓተርንስ" የሚለውን ክፈቱ፤ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች በካውንቲና በሙያ ኮድ ያሳያል። ኮንስትራክሽን 23 ነው። 236 ሕንፃ፣ 238 የልዩ ሙያ ነው። ከ238 ሥር ኤሌክትሪክ 23821፣ ቧንቧና ኤችቫክ 23822፣ ድራይዎል 23831፣ ቀለም 23832 ይባላል። ቤት አዳሾች 236 ውስጥ ናቸው፤ 236118 ብላችሁ ፈልጉ።

ይህ ግን ብቻውን የሚሠራውን አያሳይም። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን አንድ ቫንና አንድ ባለቤት ነን። ለዚያ "ነንኤምፕሎየር ስታቲስቲክስ" የሚለውን ጨምሩበት። እሱ ከታክስ ፋይል ስለሚሠራ በሰው ሥር በ1099 (ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ሰው እየተከፈለው) የሚሠራውንም ይቆጥራል። ስለዚህ ሁሉንም ተፎካካሪ አትበሏቸው፤ ግማሹ ነገ የእናንተ ሳብ የሚሆን ሰው ነው።

የላይሰንስ ዝርዝሩ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ተፎካካሪዎቻችሁን አንድ በአንድ ለማየት ነው የሚረዳው። ሁለቱም ግዛቶች በስም የሚፈለግበት ገጽ አላቸው፤ የቅጣት ታሪክም ይገኛል። ሜሪላንድ ላይ ኮንትራክተሩ የኤምኤችአይሲ ቁጥሩን ማስታወቂያው ላይ እንዲያደርግ ስለሚገደድ ሰፈር ውስጥ የምታዩትን ቫን ሁሉ ማጣራት ይቻላል። አንድ ቅዳሜ ሞንትጎመሪ ውስጥ ያለውን ዊተንን፣ አንድ ቅዳሜ ፌርፋክስ ውስጥ ያለውን አናንዴልን ብትዞሩ የማን ምልክት ሣር ላይ እንደተተከለ ታያላችሁ። ይህን ኮምፒውተር ላይ አታገኙትም።

ደረጃ 6፦ ሥራው የት እንዳለ ቤቶቹ ይናገራሉ

የሴንሰስ የግንባታ ፐርሚት ጥናት በየወሩ ይወጣል፤ ሰውም እሱን ይጠቅሳል። ግን የሚቆጥረው አዲስ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ለአዳሽ አይሆንም። እናንተ የምትፈልጉት የቤቶቹን ዕድሜ ነው፤ የአሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ ላይ "ቤቱ የተሠራበት ዓመት" የሚለው ሰንጠረዥ አለ። ከሱ ጎን ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን ቤት ብዛትና የቤት ዋጋን አስቀምጡ። ተከራይ ቤዝመንት አያሳድስም።

ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩ ቤቶች የተሞሉ ናቸው። ቨርጂኒያ ላውደን ካውንቲ ብትሄዱ በብዛት ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው። የአሮጌው ቤት ደንበኛ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ እርጥበት ይዞ ይመጣል። የአዲሱ ቤት ደንበኛ ክፍት ቤዝመንት ይዞ ይመጣል፤ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ግን ቶሎ ይጨመቃል፤ ማንም ሊሠራው ስለሚችል። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ላይ ቀለም የምትነኩ ከሆነ ድርጅታችሁ የኢፒኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) የሊድ (እርሳስ) ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል፤ በሁለቱም ግዛት።

የሞንትጎመሪ ፐርሚቶች በካውንቲው የመረጃ ገጽ ላይ በአድራሻ ይገኛሉ። ዚፕ ኮዳችሁን አስገብታችሁ ባለፈው ዓመት ስንት ቤት እድሳት እንደተፈቀደ ቁጠሩ። ይህን ያህል ቅርብ መረጃ ሲገኝ የግዛት አማካይ ምን ይሠራል?

ደረጃ 7፦ አንዱን ሥራ ሁለቱም ቦታ ላይ አስቡት

አንድ የ40,000 ዶላር ቤዝመንት እንውሰድ። መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ትንሽ ሳሎን። ባለቤቶቹ እናታቸው ከአዲስ አበባ እየመጡባቸው ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከሆነ፦ ውሉን የሚፈርመው ኤምኤችአይሲ ያለው ሰው ነው። ቀብዱ ከውሉ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም፤ እዚህ ላይ 13,333 ዶላር ነው። ዕቃውን፣ የሳቡን ቅድሚያና የፐርሚቱን ክፍያ በዚያ ውስጥ ማብቃቃት አለባችሁ። የሕንፃና የኤሌክትሪክ ፐርሚቱ ከካውንቲው የፐርሚት ቢሮ ነው። ኮንክሪቱን ሰብራችሁ የፍሳሽ መስመር የምትቀብሩበት ግን በደብሊውኤስኤስሲ ፐርሚትና ላይሰንስ ነው። ኢንስፔክተሩም ሌላ ነው። ሁለት ቢሮ፣ ሁለት ቀጠሮ። አንዱ ሳያይ ኮንክሪት ከሞላችሁበት መልሳችሁ ትሰብራላችሁ።

አናንዴል ላይ ከሆነ፦ በዚህ የውል መጠን ቢያንስ ክላስ ቢ ያስፈልጋል። የሕንፃውም የቧንቧውም የኤሌክትሪኩም ፐርሚት በፌርፋክስ ካውንቲ በኩል ነው። ቨርጂኒያ የሕንፃ ኮዷ በግዛቱ ሁሉ አንድ ስለሆነ ነገ አርሊንግተን ብትሠሩ ደንቡ አይለወጥባችሁም። ሜሪላንድ ላይ ካውንቲዎች የራሳቸውን ማሻሻያ ይጨምራሉ። ቀብድ ላይ ቨርጂኒያ እንደ ሜሪላንድ ያለ የሕግ ጣሪያ የላትም፤ ለገንዘብ ዝውውራችሁ ትልቅ ልዩነት ነው።

በሁለቱም ቦታ የእናትየው መኝታ ቤት ማምለጫ መስኮት ይፈልጋል። ክፍቱ በተለመደው ኮድ 5.7 ስኩዌር ፊት ነው፤ ታችኛው ጠርዙም ከወለል ከ44 ኢንች አይበልጥም። አሮጌዎቹ የዊተን ቤቶች ቤዝመንት ውስጥ የምታገኙት ጣሪያ ሥር የተሰነገች ትንሽ መስኮት ነው። ግድግዳ መቁረጥ፣ ውጭ መቆፈር፣ ውሃ መውረጃ ማበጀት አለ። ይህን ኤስቲሜታችሁ ውስጥ ያላስገባችሁ እንደሆነ ትርፋችሁ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ሁለቱንም ዓምድ ሙሉ። ዋጋ፣ ዕቃ፣ ሳብ፣ ፐርሚት፣ የኢንሹራንስ ድርሻ፣ እና ኢንስፔክተር የምትጠብቁባቸው ቀናት። የመጨረሻውን ሰው አይጽፈውም። እጃችሁን አጣጥፋችሁ የተቀመጣችሁበት ቀን ግን የሠራተኛ ክፍያ አለው።

ደረጃ 8፦ ሠራተኛ ታገኛላችሁ ወይ?

እዚህ ላይ የፌዴራሉ የሌበር ስታቲስቲክስ ቢሮ የሙያ ደመወዝ ሰንጠረዥ ያሳስታል። የዋሽንግተን ሜትሮ ቁጥር ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያወጣው። በካውንቲ የተለየ አማካይ ደመወዝ የምታገኙት "ኪውሲኢደብሊው" ከተባለው መረጃ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ ይወጣል።

ኤሌክትሪሻን የምትቀጥሩ ከሆነ ላውደን ውስጥ ያለውን አሽበርንን አትርሱ። የላውደን የዳታ ሴንተር ግንባታ የሰሜን ቨርጂኒያን ኤሌክትሪሻን እየሳበው ነው። የእናንተ ቤዝመንት ከዚያ ክፍያ ጋር ነው የሚፎካከረው።

በ1099 ስለመክፈል ደግሞ፦ ሜሪላንድ ከ2009 ጀምሮ ባወጣችው ሕግ ኮንስትራክሽን ላይ የሚሠራን ሰው፣ እናንተ ሌላ ካላስረዳችሁ በቀር፣ እንደ ተቀጣሪ ነው የምታየው። ቨርጂኒያም በ2020 ሕጓን አጥብቃለች። "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" የሚለው መልስ ኦዲተር ፊት አይሠራም።

ደረጃ 9፦ መሻገር ከወሰናችሁ

ላይሰንስ የሌለው ሰው የፈረመው ውል በሁለቱም ግዛት ፍርድ ቤት ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ወንጀልም ነው። ስለዚህ "አንድ ሥራ ልሞክርና ከዚያ አወጣለሁ" የሚባል ነገር የለም። የደንበኛ መካሻ ፈንዱንም እወቁ። ሜሪላንድ ላይ የተበደለ የቤት ባለቤት በኤምኤችአይሲ በኩል እስከ 30,000 ዶላር መጠየቅ ይችላል። ቨርጂኒያ ላይ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ማስፈረድ አለበት። ፈንዱ ከከፈለ በኋላ ወደ እናንተ ይዞራል፤ እስክትመልሱ ላይሰንስ አይኖራችሁም።

የኤሌክትሪሻን ወይም የቧንቧ ካርድ ያላችሁ፣ ፈተና ሳትደግሙ መሻገር እንደምትችሉ ቦርዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱ በየሙያው ይለያያል።

የቨርጂኒያ ኤልኤልሲ ይዛችሁ ሜሪላንድ ልትሠሩ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ድርጅቱን ኤስዳት ላይ የውጭ ግዛት ድርጅት ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ከዚያ ፈተናውን ውሰዱ፤ ከዚያ ኢንሹራንሱን አስወጡ፤ ማመልከቻው የመጨረሻው ነው። የድርጅቱ ስም በምዝገባው፣ በኢንሹራንሱና በማመልከቻው ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አንዱ ላይ "ኤልኤልሲ" የሚለው ከጎደለ ፋይሉ ተመልሶ ይመጣል፤ እናንተም የጸደዩን ሥራ ለሌላ ትሰጣላችሁ።